የቆዳ ነርስ፦ ከማዘዣው በኋላ የሚጀምረው ሕክምና

ችፌ፣ ሶሪያሲስ፣ ዝሆኔ፣ ሥጋ ደዌ ጥሎት የሚሄደው የነርቭ ጉዳት፦ እነዚህን አንድ መርፌ ወይም አንድ ፍሬ ኪኒን አይገላግላቸውም። ታካሚው ሐኪም ፊት የሚቀመጠው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ቆዳውን የሚያጥበው፣ የሚቀባው፣ የሚያክከውና ከሰው ዓይን የሚሸሽገው ግን በየቀኑ፣ እቤቱ ሆኖ ነው። ስለዚህ ሥር በሰደዱ የቆዳ ሕመሞች የሕክምናው ትልቁ ክፍል የሚጀምረው ማዘዣው ከተጻፈ በኋላ ነው። ይህን ክፍል ታካሚውን አስተምራና አለማምዳ መስመር የምታስይዘው ነርስ ናት። ሥራው ግን ከመደበኛው የነርስነት ትምህርት በላይ የሆነ ሥልጠና ይጠይቃል።

በአፍሪካ ይህን ሥልጠና በመስጠት ከሚታወቁት ተቋማት አንዱ ታንዛኒያ ውስጥ፣ ኪሊማንጃሮ ግርጌ ባለችው የሞሺ ከተማ ይገኛል። በኪሊማንጃሮ የክርስቲያን ሕክምና ማዕከል ግቢ ውስጥ ያለው የቆዳ ሕክምና ማሠልጠኛ እ.ኤ.አ. በ1992 ሥራ ሲጀምር ያቋቋመው ዓለም አቀፉ የቆዳ ሕክምና ፋውንዴሽን ነበር፤ የመጀመሪያው ኃላፊም ጀርመናዊው ሐኪም ሄኒንግ ግሮስማን ነበሩ። የመሥራቾቹ ሐሳብ ከአካባቢው ችግር የተነሣ ነው። የቆዳ ስፔሻሊስት ጥቂት ነው፤ ያለውም ትልቅ ከተማ ውስጥ ነው። ገጠር ላይ ሕመምተኛውን የሚቀበሉት ነርሶችና ክሊኒካል ኦፊሰሮች ናቸው። ማዕከሉ እነዚህን ባለሙያዎች ከተለያዩ የአፍሪካ አገሮች ተቀብሎ ሁለት ዓመት ያስተምራል፤ በቆዳና በአባላዘር በሽታዎች ከፍተኛ ዲፕሎማም ይሰጣል።

በዚህ ዓይነት ትምህርት መጀመሪያ የሚሠለጥነው ዓይን ነው። ብዙ የሕክምና መጻሕፍት የቆዳን ብግነት “ቀይ” እያሉ የገለጹት ነጭ ቆዳ ላይ አይተው ነው። ጥቁር ቆዳ ላይ ያው ብግነት ወደ ወይን ጠጅ፣ ወደ ግራጫ ወይም ወደ ጠቆረ ቡናማ ያደላል። ቀዩን ብቻ የምትፈልግ ነርስ ሕመሙን ቀለል አድርጋ ልትመዘግበው ትችላለች። ስለዚህ በእጇም መመርመርን ትማራለች፤ ሙቀቱን፣ ውፍረቱን፣ ሻካራነቱን ትዳስሳለች።

ቀጥሎ የሚመጣው የቅባት ጉዳይ ነው፤ ሲታይ ቀላል የሚመስለው፣ ብዙ ሕክምና የሚከሽፍበትም እዚህ ነው። ችፌ ያለበት ቆዳ ልስኑ እንደረገፈ ጭቃ ቤት ነው፤ ከውስጥ እርጥበቱን ያስወጣል፣ ከውጭ የሚያስቆጣውን ሁሉ ያስገባል። ማለስለሻ ቅባት ያንን ልስን ይተካል። ሰውነቱን በሰፊው ችፌ የሸፈነው አዋቂ በሳምንት ከ250 እስከ 500 ግራም ማለስለሻ ያስፈልገዋል። ትንሽ ቱቦ ተሰጥቶት “አልሠራልኝም” ብሎ ቢመለስ መጠኑን ያልነገረው ባለሙያ ይጠየቅበታል። የስቴሮይድ ቅባት ደግሞ በጣት ጫፍ ይለካል። ከአዋቂ ሰው የሌባ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው አንጓ የተዘረጋ ቅባት ግማሽ ግራም ያህል ይመዝናል፤ ሁለት መዳፍ ከነጣቶቹ የሚያህል ቦታም ይበቃል። ስቴሮይድን ፈርቶ ጭራሽ የማይቀባ አለ። ለማድያት ወይም ፊት ለማቅላት ብሎ ብርቱውን ስቴሮይድ ለወራት የሚቀባም አለ፤ ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥሩ ይወጣል፣ ብጉር ይወርሰዋል። የሠለጠነች ነርስ ሁለቱንም ሳታስደነግጥ ትመልሳለች።

የሥጋ ደዌ ትምህርት የዚህን ሙያ ልክ በደንብ ያሳያል። መድኃኒቱ ባክቴሪያውን ከ6 እስከ 12 ወር ባለ ጊዜ ያጠፋዋል። የሞተ ነርቭ ግን አይመለስም። ውስጥ እግሩ የደነዘዘ ሰው ድንጋይ ሲወጋው አያውቅም። ነርሷ የውስጥ እግርን ስሜት በናይለን ክር ትለካለች፤ በክርንና በጉልበት አጠገብ የሚያልፉትን ነርቮች ዳስሳ ማበጣቸውን ትለያለች። ከዚያ ታካሚው በየቀኑ እግሩን ውኃ ውስጥ እንዲዘፈዝፍ፣ የጠጠረውን ቆዳ እንዲፍቅ፣ ሳይደርቅ ቫዝሊን ወይም ዘይት እንዲቀባ፣ ማታ ማታ ቁስል መኖሩን እንዲያይ ታለማምደዋለች። እ.ኤ.አ. በ1965 አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተው አለርት ከጅምሩ በሥጋ ደዌ ሕክምናና ተሃድሶ የአፍሪካን ባለሙያዎች ለማሠልጠን የታሰበ በመሆኑ፣ ይህ ዕውቀት በአገራችንም ሥር አለው።

ሞሺ ላይ ሌላው ትልቅ ትምህርት አልቢኒዝም ነው። ማቅለሚያ የሌለው ቆዳ ከልጅነት ጀምሮ በፀሐይ ስለሚጎዳ የቆዳ ካንሰር በወጣትነት ሊመጣ ይችላል። ማዕከሉ አልቢኒዝም ላለባቸው ሰዎች ኪሊሰን የተባለ የፀሐይ መከላከያ ቅባት እዚያው እንዲመረት አድርጓል። ቅባቱን ማደል ብቻ ግን አይበቃም። ሰፊ ባርኔጣና ረጅም እጅጌ መልበስ፣ የተማሪው መቀመጫ ከፀሐይ መራቁ፣ ካንሰር ሊሆን የሚችል ቁስል በጊዜ መታየቱ፣ ሁሉም የሚያስታውስና የሚከታተል ባለሙያ ይፈልጋሉ።

ለእኛ ግን ከሁሉ የሚቀርበው ዝሆኔ ነው። በእሳተ ገሞራ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር በመሄድ የሚመጣው ዝሆኔ ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ በኢትዮጵያ 1.5 ሚሊዮን ያህል ሰዎች እንዳለባቸው ይገመታል። ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ 696 ሕመምተኞች የተሳተፉበት ጥናት ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2018 ታትሟል። ሕክምናው እግር በፀረ ተሕዋስ መታጠብ፣ ቅባት፣ ፋሻ፣ የእግር እንቅስቃሴ፣ ካልሲና ጫማ ነበር። ይህን ወዲያው የጀመሩትን እግርን የሚያግለውና አልጋ ላይ የሚጥለው ድንገተኛ ሕመም በአንድ ሰው በዓመት 19.4 ጊዜ ሲያገኛቸው፣ ተራቸውን የጠበቁትን 23.9 ጊዜ አግኝቷቸዋል። ልዩነቱ ለአንድ ገበሬ አራት ያህል ጊዜ ከሥራ መቅረትን ያስቀርለታል። ያመጣውም በሥርዓት የተማሩት እጥበት፣ ቅባትና ጫማ ነው።

ነርሷ ከቆዳው በታች ያለውንም መጠየቅ ትማራለች። እ.ኤ.አ. በ1994 የወጣ 10 ጥያቄ ያለው የኑሮ መለኪያ አለ። ሕመሙ ምን ያህል እንዳሳፈረ፣ የልብስ ምርጫን፣ ሥራንና ትዳርን እንዴት እንደነካ እየጠየቀ ከ0 እስከ 30 ነጥብ ይሰጣል። ሠርግና ለቅሶ ላይ መገኘት የተወ ሰው ስለ ማሳከክ ብቻ ቢጠየቅ ግማሽ ሕመሙ ሳይነገር ይቀራል።

ሥልጠናው ፍሬ እንዲሰጥ የሚያስፈልገው የታወቀ ነው። ቆዳ ያጠናች ነርስ ስትመለስ ወደ ሌላ ክፍል መመደብ የለባትም። የራሷ ክፍል፣ ቅባትና ፋሻ የማይጠፋበት መጋዘን፣ ከእያንዳንዱ ታካሚ ጋር የምትነጋገርበት በቂ ጊዜ ይገባታል። ጤና ጣቢያዎች ለቆዳ የሚመድቡት በጀት የመድኃኒት ብቻ ከሆነ ሕክምናውን ከግማሽ መንገድ ይተዉታል፤ ማዘዣውን በየቀኑ ወደሚደረግ እንክብካቤ የምትለውጠው የሠለጠነች ነርስ ናትና መጀመሪያ በጀት ሊመደብ የሚገባው ለእሷ ነው።