ለመጀመሪያ ጊዜ በውሃ ላይ ለሚጓዝ ቤተ ሰብ የሚገባ ዝግጅት

«ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል» የሚለው የአባቶች ተረት ለማስፈራራት ብቻ የተነገረ አይደለም፤ ሰው ውሃን ሳያውቅ እንዳይደፍረው፥ ካወቀው በኋላ ግን በጥበብ እንዲገለገልበት የሚመክር ነው። በመካነ ብርሃንና በጃናሞራ ደጋ የሚያድግ ልጅ በቅሎ መጋለብንና ቁልቁለት መውረድን ከሕፃንነቱ ጀምሮ ይለምዳል፤ ዋና ግን ብዙ ጊዜ አይማርም። ሆኖም ከገደሉ አፋፍ ቆሞ ጅረቶቹ ወደ ተከዜ ሲወርዱ በሚያይበት ጊዜ፥ «አባባ፥ ይህ ውሃ ወዴት ይሄዳል? ተከትለነውስ ብንሄድ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ለዚህ ጥያቄ ቍጣ መልስ አይሆንም፤ ችኮላም አይሆንም። የሚሻለው መልካም ዝግጅት ነው።

በሌላው ዓለም ብዙ ቤተ ሰቦች ካያክ በሚባለው ቀጭን ጀልባ ድንኳናቸውንና ስንቃቸውን ጭነው፥ ሁለትና ሦስት ቀን በወንዝ ላይ እየቀዘፉ፥ ሌሊቱን በዳርቻው እያደሩ ይጓዛሉ። ካያክን አስቀድመው የሠሩት በሰሜን ዋልታ አጠገብ የሚኖሩ ሕዝቦች ሲሆኑ፥ ይሠሩትም የነበረው ከባሕር እንስሳ ቆዳ ነው፤ ዛሬ አብዛኛው ከፕላስቲክ ይሠራል። የጣና ዳር ሰዎችም ከደንገል ታንኳ እየሠሩ ከጥንት ጀምሮ ሲቀዝፉ ኖረዋል። ስለዚህ ነገሩ ለአገራችን ፈጽሞ እንግዳ አይደለም።

ነገር ግን ጀማሪ የሆነ ሰው ውሃውን መምረጥ አለበት። ተከዜ በጥልቅ ሸለቆ ውስጥ የሚሮጥ ወንዝ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1996 ሪቻርድ ባንግስ የተባሉ አሜሪካዊ የመሩት ጓድ በጎማ ጀልባ ወርዶታል፤ እነዚያ ሰዎች ግን በዚህ ሥራ ብዙ ዘመን የተፈተኑ ነበሩ። የዓባይ ሸለቆ ታሪክ ደግሞ ከዚህ የባሰ ያስተምራል። በ1962 በታንኳ የወረዱ የስዊስና የፈረንሳይ ተጓዦች ሌሊት በሽፍቶች ተወግተው ሁለቱ ሞቱ። በ1968 ሻምበል ጆን ብላሽፎርድ ስኔል የመሩት ትልቅ ጓድ ብዙ መሣሪያና ብዙ ሰው ይዞ ሳለ አንድ ወታደር ውሃ ወሰደበት። ፓስኳሌ ስካቱሮና ጎርደን ብራውን ከምንጩ ተነሥተው እስከ ሜዲትራንያን ባሕር የደረሱት ከታኅሣሥ 2003 እስከ ሚያዝያ 2004፥ ብዙ ወራት ፈጅተው ነው። ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በባሕር ዳር እንኳ ጸጥ ብሎ ቢታይም፥ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ በጢስ ዓባይ 45 ሜትር ከሚያህል ከፍታ ይወረወራል። እንግዲህ ለጀማሪ ቤተ ሰብ የሚገባው መጀመሪያ ትምህርት ቤት የጣና ዳርቻ ነው።

ከጎንደር በደንቢያ በኩል 60 ኪሎ ሜትር ያህል ተጕዞ ከጎርጎራ ይደረሳል። ጉዞው ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ቢሆን ይመረጣል፤ ክረምቱ አልፎ ሰማዩ የጠራበት ወራት ነውና። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል የተነሣው ውጊያ ብዙ መንገድ ስለ ዘጋ፥ ከመነሣት አስቀድሞ የመንገዱን ሰላም ከአገሩ ሹማምንትና ሽማግሎች መጠየቅ ግድ ነው። መልሱ የሚያጠራጥር ከሆነ ጉዞው ለሚቀጥለው ዓመት ይቆይ፤ ጣና ከስፍራው አይሄድም።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሦስት ቀንና ሁለት ሌሊት ይበቃል። በመጀመሪያው ቀን በጎርጎራ ወደብ አጠገብ፥ ደንገል በሌለበት ንጹሕ ዳርቻ፥ ውሃው ከደረት በማያልፍበት ስፍራ ልምምድ ይደረግ። እያንዳንዱ ሰው ጀልባውን አውቆ ይገልብጥ፤ ከውስጡም መውጣትን ይማር፤ ይህን ሳይፈራ ያላደረገ ሰው በማግስቱ አይሂድ። በሁለተኛው ቀን ማለዳ ዳር ዳሩን ይዞ ወደ ምዕራብ፥ ዐፄ ሱስንዮስ ከተማቸውን ወዳደረጉበት ወደ አሮጌው ጎርጎራ መቅዘፍ ነው። ርቀቱ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን፥ የዳርቻውን ጠመዝማዛ ለሚከተል ከዚህ ይበልጣል። ጀማሪ በሰዓት ከሦስት እስከ አራት ኪሎ ሜትር ይሄዳል። ከሰዓት በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ሐይቁን ያናውጣልና ከቀትር አስቀድሞ ከማደሪያ መድረስ ይገባል። ፍርስራሹን እያሳዩ ለልጆች ታሪክ መንገር ለዚያ ምሽት መልካም ጨዋታ ነው። በሦስተኛው ቀን ማለዳ በመጡበት መመለስ ነው።

ስንቁ የቤት እመቤት ሙያ የሚታይበት ነው። በሶ፥ ቆሎ፥ ዳቦ ቆሎ፥ ድርቆሽና ቋንጣ ቀላልና የማይበላሹ ስለሆኑ ከሁሉ ይመረጣሉ። ሁሉም ውሃ በማያስገባ ከረጢት ታስሮ ከባዱ በጀልባው መካከል ከታች፥ ቀላሉ ወደ ጫፎቹ ይቀመጥ። ለመጠጥ የሚሆን የፈላ ውሃ ለአንድ ሰው በቀን ሦስት ሊትር ያህል ይያዝ። ጋቢ ለብሶ መቅዘፍ ፈጽሞ አይገባም፤ ጋቢ ውሃ ሲጠጣ እንደ ድንጋይ ከብዶ ዋናተኛውን እንኳ ወደ ታች ይጎትታልና። ጋቢው ደርቆ ለሌሊት ይጠበቅ፤ በቀን የመንሳፈፊያ ሰደርያ ይለበስ፤ ዋና የሚያውቅም ሰው ቢሆን አያውልቀው።

በጣና ላይ አራት ነገር መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አንደኛው ጉማሬ ነው፤ ሲደነግጥ ወደ ጥልቁ ስለሚሮጥ በእርሱና በጥልቁ ውሃ መካከል መግባት አይገባም፤ ሌሊትም ለግጦሽ ስለሚወጣ ድንኳን ከመንገዱ ላይ አይተከል። ሁለተኛው ቢልሃርዚያ ነው፤ በሽታው ቀንድ አውጣ ካለበት ከዳርቻው ውሃ ስለሚገኝ በደንገሉ መካከል አለመቆም፥ ከውሃ እንደ ወጡም ገላን ወዲያው በፎጣ ማድረቅ ይጠቅማል፤ ከተመለሱም በኋላ በሐኪም መመርመር መልካም ነው። ሦስተኛው ወባ ነው፤ አጎበር የሌለው ሰው አይደር። አራተኛው ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ በሰሜኑና በምሥራቁ ዳርቻ የተስፋፋው እምቦጭ ነው፤ ጀልባ ከውስጡ ከገባ መቅዘፊያው ይታሰራልና በሩቁ መዞር ይሻላል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን የባለታንኳው ምክር ነው። የአገሩን ውሃ የሚያውቅ ሰው ተቀጥሮ ከፊት ይቅደም። ታንኳ በመሥራት የታወቁት የነገደ ወይጦ ሰዎች በቀድሞ ዘመን በብዙ ሰው ዘንድ ተንቀው ነበር፤ ስለ ሐይቁ ያላቸው ዕውቀት ግን ከትልቅ አባቶቻቸው የወረሱት ሀብት ነው። በቤቱና በመሥሪያ ቤቱ ማዘዝ የለመደ ጌታ በውሃ ላይ ተማሪ መሆኑን አይርሳ። ባለታንኳው ሰማዩን አይቶ፥ «ጌታዬ፥ ዛሬስ አንሂድ፤ ነፋስ አለ» ያለ እንደ ሆነ፥ «እኔ ይህን ያህል መንገድ መጥቼ እንዴት እመለሳለሁ?» ማለት ልጆችን ለሞት ማቅረብ ነው። አባት ለባለታንኳው ሲታዘዝ ያየ ልጅ ከመቅዘፍ የሚበልጥ ትምህርት ይማራል።

በመጨረሻም የመመለሻውን ቀንና ሰዓት በጎርጎራ ለሚቀር ለአንድ ታማኝ ሰው መንገር አይረሳ። ልጁ ወደ መካነ ብርሃን ተመልሶ ከገደሉ አፋፍ በሚቆምበት ጊዜም አባቱ መልሱን ይንገረው፤ የተከዜ ውሃ በሰቲት አድርጎ ወደ አትባራ፥ የጣናም ውሃ በዓባይ በኩል ወርዶ ሁለቱ በሱዳን ምድር ይገናኛሉ። እርሱም የዚያን ረጅም መንገድ መጀመሪያ፥ ጥቂት ኪሎ ሜትር ብቻ ቢሆንም፥ በገዛ ክንዱ ቀዝፎ አይቷል።