የተማሪ ልጆቻችን ጤና፤ የአካልም የአእምሮም

በዛሬው ዝግጅታችን በየቤታችን ያለ፣ ግን ብዙም የማንነጋገርበትን ጉዳይ እናነሣለን። እርሱም በጉርምስና ዕድሜ ላይ ያሉ ተማሪ ልጆቻችን ጤና ነው።

አንድ የ15 ዓመት ልጅ እናስብ። ከጃቢ ጠህናን ገጠር ወጥቶ ለ9ኛ ክፍል ትምህርት ፍኖተ ሰላም ላይ ቤት ተከራይቷል። ከቡሬ ዙሪያ መጥታ ቡሬ ከተማ ከጓደኞቿ ጋር አንዲት ክፍል የተከራየችም ልጅ እናስብ። ስንቃቸው በገበያ ቀን ይመጣላቸዋል፤ ካለቀ ግን ሳይበሉ ያድራሉ። ራሳቸውን ያማቸዋል፤ ሌሊት እንቅልፍ የላቸውም፤ ቀን ክፍል ውስጥ ያንቀላፋሉ። መምህሩ «ሰነፉ» ይላል፤ አባት «ከተማው አበላሻቸው» ይላል። ታመው ይሆን? ብሎ የሚጠይቅ ግን የለም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው፣ ዕድሜያቸው ከ10 እስከ 19 ዓመት ከሆኑ ሰባት ልጆች አንዱ የአእምሮ ጤና ችግር አለበት። የአእምሮ ሕመም ማለት ልብሱን ጥሎ መንገድ የወጣ ሰው ብቻ አይደለም። ድባቴም፣ ከልክ ያለፈ ጭንቀትም ሕመም ነው። ልጁ ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ዝም ካለ፣ የሚወደውን ነገር ከተወ፣ እንቅልፉና ምግቡ ከተዛባ፣ ውጤቱ በድንገት ከወረደ፣ ምልክት ነው።

ታዲያ ድካሙ ከአካልም ሊመጣ ይችላል። ወባ፣ የሆድ ትላትል፣ የደም ማነስ ሁሉ ልጅን ያፈዛሉ። ስለዚህ ከመቆጣታችን በፊት ጤና ጣቢያ ወስደን እናስመርምረው።

ትምህርት ቤት ለጤና ሥራ የተመቸ ቦታ መሆኑን አይተናል። የሆድ ትላትልና የቢልሃርዚያ መድኃኒት በ2008 ዓ.ም. በአገር አቀፍ ደረጃ ለተማሪዎች መታደል ጀመረ። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ የማሕፀን በር ካንሰር መከላከያ ክትባት ዕድሜያቸው 14 ዓመት ለሆነ ልጃገረዶች በየትምህርት ቤቱ ተሰጠ። ለአእምሮ ጤናም ቢሆን ክሊኒክ እስኪሠራ መጠበቅ አያስፈልግም። ተማሪዎች የሚያምኑት አንድ መምህር ይመረጥ። የሚቀሩትንና የተለወጡትን ይመዝግብ፤ ለብቻ ጠርቶ ያናግር፤ ምሥጢራቸውን ይጠብቅ፤ ወላጅ ጠርቶ ወደ ጤና ጣቢያ ይላክ። እኛም ወላጆች ልጃችን ሲያጠፋ ብቻ ሳይሆን በየጊዜው ትምህርት ቤት ሄደን እንጠይቅ። ስንቅ ይዘን ስንሄድ የሚተኛበትን ክፍል ገብተን እንይ።

አንድ ተማሪ ክፍል ውስጥ በሚጥል በሽታ ቢወድቅስ? ክብሪት ጭሮ ማሽተት አይጠቅምም። አፉ ውስጥ ምንም አይጨመር፤ በኃይልም አይያዝ። በአጠገቡ ያለ ጠንካራ ነገር ይራቅለት፤ በጎኑ ይተኛ። ከአምስት ደቂቃ ካለፈ በፍጥነት ወደ ሕክምና ይወሰድ። በሽታው በትንፋሽም በለሃጭም አይተላለፍም። በመድኃኒት ስለሚታገሥ ልጁ ከትምህርቱ መቅረት የለበትም።

ብዙዎቻችን እንዲህ ያለውን ነገር «ጂን ነው» ብለን ዱዓና ሩቅያ ብቻ እናስደርጋለን። ዱዓው ይደረግ፤ ኪኒኑ ግን አይቋረጥ፤ አንዱ ሌላውን አይከለክልም። ረመዳን ሲገባም ልጁ መድኃኒቱን በራሱ ፈቃድ እንዳያቆም ወይም ሰዓቱን እንዳይቀይር፣ አስቀድማችሁ ሐኪሙን አማክሩ። ለታመመ ሰው ዲናችን ፈቃድ ሰጥቶታል።

ከሁሉ የሚከብደው ልጁ «ብሞት ይሻለኛል» ሲል ነው። ንግግሩን እንደ ቀልድ አንለፈው። «ራስህን ለመጉዳት አስበሃል ወይ?» ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን አያመጣበትም፤ እንዲያውም ያቀልለታል። ብቻውን አይተው። ለበቆሎው የገዛነው ፀረ ተባይና የአይጥ መርዝ ይቆለፍበት። በዚያው ዕለት ወደ ሕክምና ይወሰድ።

ቀድሞ የአእምሮ ሕክምና ሲባል በብዙዎች ሐሳብ የሚመጣው አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል ብቻ ነበር። ዛሬ ግን የመጀመሪያው በር ቅርብ ነው፤ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋና ጤና ጣቢያው። ካስፈለገም ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል፣ ከዚያም ባሕር ዳር ወደሚገኘው ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል ይላካል።

ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ወዲህ በአማራ ክልል በደረሰው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ልጆችም ተኩስ ሰምተዋል፣ የሚወዱትን አጥተዋል። ሌሊት እየባነነ የሚጮህ፣ ድምፅ በሰማ ቁጥር የሚደነግጥ ልጅ ፈሪ አይደለም። መምህር በሌለበት የመድረሳው ኡስታዝ፣ ጎረቤትና ዘመድ የመምህሩን ዓይን ይተኩ።

እንግዲህ ዛሬ ማታ ራት ላይ ልጆቻችንን ስለ ውጤታቸው ሳይሆን ስለ ራሳቸው እንጠይቅ፤ ሲመልሱም ሳናቋርጥ እናዳምጥ። በከተማ ተከራይተው ለሚማሩትም እንደውልላቸው።

በሌላ ዝግጅት እስክንገናኝ አላህ ልጆቻችንን በጤና ያሳድግልን።