ብጉርና «ቶሎ የሚያጠፋው» ቅባት

በእኛ ቆላ፣ ሳንጃ ላይ፣ በቀትር ፀሐይ ፀጉሯን ለጋ ቅቤ ተቀብታ የወጣች ልጅ ስታዩ ግንባሯን ልብ በሉ። ቅቤው ቀልጦ ከፀጉሯ ሥር ይወርዳል፤ ብጉሩም ብዙ ጊዜ የሚደረደረው እዚያው ነው። የፀጉር ቅባት ግንባር ላይ ሲደርስ የቆዳን ቀዳዳ ይደፍናልና። ቅቤውን መተው አያስፈልግም፤ ከግንባር ራቅ አድርጎ መቀባት፣ የወረደውንም ቶሎ መታጠብ ነው።

ብጉር የቆሻሻ ወይም የመጥፎ ደም ምልክት አይደለም። በጉርምስና ሆርሞን የቆዳን የወዝ ዕጢዎች ያነቃቃል። ወዙ ከሞተ ቆዳ ጋር ሲቀላቀል ቀዳዳው ይደፈናል፣ ቆዳ ላይ የሚኖር ባክቴሪያም እዚያ ይራባል፤ ያብጣል፣ ይመግላል። «ስታገባ ይጠፋል» ይባላል፤ የሚጠፋው ግን በዕድሜ እንጂ በጋብቻ አይደለም። ከ25 ዓመት በኋላም የሚያስቸግራቸው፣ በተለይ ሴቶች፣ አሉ።

እኔን ከብጉሩ ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ የሚቀባበት ነገር ነው። ቤታሜታሶን ወይም ክሎቤታሶል ያለባቸው ቅባቶች «ፊት ያጠራል» ተብለው ይሸጣሉ። ስቴሮይድ ናቸው፤ እብጠቱን በጥቂት ቀን ያከስሙታል። የተቀባችው ልጅ ደስ ብሏት ለእህቷም ታካፍላለች። ሲቆይ ግን ቆዳው ይሳሳል፣ ደም ሥሩ ይታያል፤ ስታቆመው ብጉሩ ብሶ ይመለሳል። እባካችሁ ቱቦው ላይ የተጻፈውን አንብቡ፤ እነዚህ ስሞች ካሉበት ለብጉር አትቀቡት። ለወራት የተቀባ ሰው ደግሞ ሐኪም አማክሮ ያቁም።

ለቀላል ብጉር ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ጥሩ ነው፤ 2.5 በመቶው ይበቃል፣ ፎጣና ልብስ ግን ያነጣል። ማታ ማታ አዳፓሊን መቀባትም ይቻላል፤ ነፍሰ ጡር ግን አትቀባው። ሁለቱም መጀመሪያ ያደርቃሉ፣ ይለበልባሉ፤ ለውጡ የሚታየው ከ8 እስከ 12 ሳምንት ውስጥ ነው። ብዙ ሰው በሁለተኛው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብሎ ይጥለዋል፤ የሚያሳዝነው ይህ ነው። በጥፍር ማፍረጥ በእኛ ቆዳ ላይ ለወራት የሚቆይ ጥቁር ነጥብ ይተዋል። ሎሚም ተቀብቶ ፀሐይ ላይ መውጣት ያቃጥላል። ሲብስ ሐኪም ዶክሲሳይክሊን ሊያዝ ይችላል፤ እሱም ቆዳ በፀሐይ ቶሎ እንዲቃጠል ስለሚያደርግ ሰሊጥ አጨዳ ላይ የሚውል ሰው ፊቱን ይከልል። ጠባሳ የሚተው ብጉር ካለ ሳይዘገዩ የቆዳ ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

በእኛ ቆላ ሌላም ነገር አለ። መተማ፣ ሁመራና አርማጭሆ በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፈው ካላዛር የተባለ በሽታ ያለባቸው ቦታዎች ናቸው። ካላዛር ታክሞ የዳነ ሰው ከወራት በኋላ በአፉ ዙሪያና በጉንጩ ላይ ብጉር የሚመስል እብጠት ሊወጣበት ይችላል። ይህ ጥቁር ወይም ነጭ ጫፍ የለውም፣ በብጉር ቅባትም አይድንም። እንዲህ ያለ ሰው የታከመበትን ማስረጃ ይዞ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ፤ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የካላዛር ማከሚያ አለው። እብጠቱ ያለበትን ሰው የነከሰች የአሸዋ ዝንብ በሽታውን ለቤተሰቡ ልታሻግር ትችላለችና መሄዱን አያዘግይ።