ከፍ ያለችው መኪና በልደታ ሚዛን ላይ

በልደታ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ግቢ ውስጥ አንድ ጎረቤት አሉኝ። ዕድሜያቸው ከሃምሳ አምስት ያለፈ፣ ሥራቸው ጥብቅና፣ መዋያቸውም እዚያው ልደታ ፍርድ ቤት ነው። አንድ እሑድ ጠዋት ቡና ላይ ጠሩኝና፣ «ዶክተር፣ አንተ የፊዚክስ ሰው ነህ። የአሥራ አንድ ዓመት ቁጠባዬን ይዤ ከፍ ያለች የጀርመን መኪና ልገዛ ነው። ሻጩ የሚነግረኝ ጥሩነቷን ብቻ ነው። እስቲ አንተ ግራ ቀኙን አይተህ ፍረድ» አሉኝ።

ያነሷት መኪና ቮልስዋገን አይዲ 4 ትባላለች። እ.ኤ.አ. በ2020 ለገበያ የቀረበች፣ በ2021 ደግሞ የዓለም የዓመቱ መኪና ተብላ የተሸለመች የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ናት። መንግሥት በጥር 2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ፣ በአዲስ አበባ ጎዳናዎች ላይ በብዛት ከሚታዩት የአውሮፓ ስም ያላቸው መኪኖች አንዷ እርሷ ሆናለች። ከእነዚህ መካከል ብዙዎቹ የተገጣጠሙት ቻይና ውስጥ መሆኑንም ማስታወስ ይገባል።

ውድ አንባብያን፣ እንዲህ ያለችው መኪና በባለሙያዎች ቋንቋ «ክሮስኦቨር» ትባላለች። ውስጣዊ አካሏ እንደ ቤት አውቶሞቢል ነው፤ ቁመናዋ ግን ወደ አገር አቋራጭ መኪና ያደላል። ከውጭ ስትታይ ላንድ ክሩዘርን ትመስላለች እንጂ እንደ እርሱ የተለየ የብረት ሻሲ ላይ አልተቀመጠችም። ገዢው ተጨማሪ ገንዘብ የሚከፍለው በዋናነት ለሁለት ነገሮች ነው፦ ለከፍታና ለግዝፈት። ጥያቄያችንም እነዚህ ሁለቱ በከተማችን ምን ይሰጣሉ፣ ምንስ ይነሣሉ የሚል ይሆናል።

ስስ አየርና የሞተር ትንፋሽ

ጎረቤቴ በሚኖሩበት አካባቢ በአንድ ወቅት የአገሪቱ ዋና አውሮፕላን ማረፊያ ነበረ። ከልደታ በስተ ደቡብ ምዕራብ ያለው ሰፈር ዛሬም «ኦልድ ኤርፖርት» እየተባለ የሚጠራው በዚሁ ምክንያት ነው። በ1950ዎቹ አጋማሽ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 720 የተባሉትን ጄቶች ሲያስመጣ፣ የልደታው ማረፊያ ለጄት የማይበቃ በመሆኑ አገልግሎቱ ወደ ቦሌ ተዛወረ። በከፍታ ቦታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ክንፉም ሞተሩም የሚያገኙት ኃይል ያንሳል፤ አውሮፕላኑም ለመነሣት ረዘም ያለ ሜዳ ይፈልጋል።

ይኸው ስስ አየር በመኪና ሞተር ውስጥም ይገባል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2350 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊትም ሆነ እፍግታ በባሕር ወለል ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። የቤንዚን ሞተር ነዳጁን የሚያቃጥለው በኦክስጅን ነውና፣ ቱርቦ የሌለው ሞተር በፋብሪካው ወረቀት ላይ ከተጻፈለት አቅም ሩቡን ያህል ገና ከጅምሩ ያጣል። ስለዚህም በወረቀት 100 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር፣ ልደታ ላይ 75 ያህሉን ብቻ ይዞ ይሠራል። ቱርቦ ያላቸው የአውሮፓ ሞተሮች አየሩን አምቀው ስለሚያስገቡ ይህን ጉድለት በአብዛኛው ይሸፍናሉ፤ ነገር ግን ቱርቦው ይበልጥ መድከም አለበት፤ ከቆሙበት ሲነሡም መዘግየታቸው ይታወቃል።

የኤሌክትሪክ ሞተር ግን አይተነፍስም። ኦክስጅን ስለማይፈልግ በሐምቡርግ የሚሰጠውን አቅም በልደታም ይሰጣል። እንዲያውም ስስ አየር ይጠቅመዋል፤ በጉዞ ላይ የሚገጥመው የአየር ግፊያ ከእፍግታው ጋር አብሮ በሩብ ያህል ይቀንስለታልና። በመጀመሪያው ነጥብ ሚዛኑ ወደ መኪናይቱ አጋደለ።

የክብደት ዕዳ

ሁለተኛው ነጥብ ግን ለመኪናይቱ አይመችም። ትልቁ ባትሪ የተገጠመላት አይዲ 4 ባዶዋን 2100 ኪሎ ግራም ገደማ ትመዝናለች። አራት ሰዎችና ጥቂት ዕቃ ሲጨመር 2400 ይደርሳል። በከተማችን የተለመደችው ትንሿ ቶዮታ ቪትዝ ከነተሳፋሪዎቿ የዚህን ግማሽ ያህል ብትመዝን ነው።

በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ 2400 ኪሎ ግራም 148 ኪሎ ጁል የእንቅስቃሴ ጉልበት ይይዛል፤ 1200 ኪሎ ግራም ደግሞ ግማሹን፣ ማለትም 74 ኪሎ ጁል። ከልደታ ወደ ሜክሲኮ የሚሄድ ሰው በመብራትና በመጨናነቅ ምክንያት ስንት ጊዜ እንደሚቆምና እንደሚነሣ የሚያውቅ፣ ይህ ጉልበት ስንት ጊዜ ተከፍሎ ስንት ጊዜ እንደሚባክን ይገባዋል። በነዳጅ መኪና ፍሬን በተረገጠ ቁጥር ሁሉም ወደ ሙቀት ተለውጦ ይጠፋል። በኤሌክትሪክ መኪና ግን ሞተሩ ራሱ ጄኔሬተር ሆኖ ከፊሉን ወደ ባትሪው ይመልሳል። ዕዳው በከፊል ይሰረዛል እንጂ ጨርሶ አይጠፋም።

ሻጮች ስለ መኪናይቱ የተሳለጠ ቅርፅ ብዙ ይናገራሉ። እውነት ነው፣ የአየር ግፊያ መለኪያዋ 0.28 ገደማ በመሆኑ ለቁመናዋ ጥሩ ነው። ነገር ግን በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ስትጓዝ በአዲስ አበባ አየር የሚገፋት 90 ኒውተን ያህል ሲሆን፣ ከክብደቷ የሚመነጨው የጎማ መንከባለል ተቃውሞ 235 ኒውተን ገደማ ነው። ሁለቱ የሚተካከሉት በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። በከተማ ውስጥ እንግዲህ ባለመኪናውን የሚያስከፍለው ከቅርፁ ይልቅ ክብደቱ ነው።

ከፍታው የሚሰጠውና የሚነሣው

ጎረቤቴ ከፍ ያለች መኪና የፈለጉት የመንገዱን ጉብታ ፈርተው ነው። ይህን በጂኦሜትሪ እንፈትሸው። መኪና ጉብታ ላይ ሆዷ እንዳይነካ የሚወስነው ከመሬት ያላት ክፍተት ብቻ አይደለም፤ በፊትና በኋላ ጎማዎች መካከል ያለው ርቀትም ነው። የአይዲ 4 የጎማ ለጎማ ርቀት 2.77 ሜትር ገደማ ነው። ሰው ስትጭን ክፍተቷ 17 ሴንቲ ሜትር ይሆናል ብንል፣ የምታልፈው የጉብታ ማዕዘን 14 ዲግሪ ያህል ይሆናል። የጎማ ለጎማ ርቀቷ 2.46 ሜትር፣ ክፍተቷ ደግሞ 14.5 ሴንቲ ሜትር የሆነች ትንሽ መኪና 13.4 ዲግሪ ታልፋለች። ርዝመቷ ከፍታዋን በልቶታል ማለት ነው! በክረምት ውኃ ባቆረ መንገድና በድንጋይ ላይ ግን ክፍተቱ ራሱ ስለሚቆጠር ከፍ ያለችው ትሻላለች። ባትሪው ግን ወለሉ ሥር እንደተነጠፈ መርሳት አይገባም፤ በነዳጅ መኪና ሥር ድንጋይ ቢመታ የሚጎዳው ርካሽ ብረት ሊሆን ይችላል፣ እዚህ ግን የመኪናይቱ ውድ ክፍል ነው።

ከፍታ ሌላም አደጋ አለው፤ የመገልበጥ። መኪና በኩርባ ላይ የመገልበጥ ዝንባሌዋ የሚለካው በግራና በቀኝ ጎማዎች መካከል ያለውን ርቀት ለክብደት ማዕከሏ ከፍታ እጥፍ በማካፈል ነው። ርቀቱ 1.58 ሜትር ሆኖ ማዕከሉ 65 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢሆን ውጤቱ 1.2 ይሆናል፤ 55 ሴንቲ ሜትር ላይ ቢሆን ግን 1.4 ይደርሳል። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን መኪናይቱ የተረጋጋች ናት። የኤሌክትሪክ ክሮስኦቨር ከባዱን ባትሪ ከወለሉ በታች ስለምትሸከም፣ ቁመናዋ ከፍ ብሎ ማዕከሏ ዝቅ ይላል። የተወቀሰው ባትሪ እዚህ ላይ ምስክር ሆኖ ይቀርብላታል።

የእግረኛው ድርሻ

ግራ ቀኙን ስናይ ፍርድ ቤት ያልቀረበ ሦስተኛ ወገን አለ። እርሱም እግረኛው ነው። በባልቻ ሆስፒታል አካባቢ መንገድ የሚያቋርጡትን ሕመምተኞችና ተማሪዎች የተመለከተ ሰው ይህን ይረዳል። የዝቅተኛ መኪና ፓራውልትና ኮፈን አዋቂ ሰውን እግሩ ላይ ይመታሉ። የከፍተኛ መኪና ኮፈን ግን ዳሌንና ደረትን፣ ሕፃንን ደግሞ ራሱን ያገኛል። ከዚህም በላይ ከኮፈኑ ፊት ለፊት ቅርብ ላይ የቆመን ሕፃን ሾፌሩ ላያየው ይችላል።

ደግነቱ የማቆሚያ ርቀት በክብደት ብዙም አይወሰንም፤ የጎማው ሰበቃ ከክብደቱ ጋር አብሮ ያድጋልና። የሚወስነው ፍጥነት ነው። ሾፌሩ ፍሬን እስኪረግጥ አንድ ሰከንድ ቢፈጅበት፣ በደረቅ አስፋልት ላይ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በ20 ሜትር ውስጥ ይቆማል፤ በ60 የሚጓዝ ግን 37 ሜትር ያህል ይፈልጋል። ከፍ ያለ መቀመጫ ለሾፌሩ የሚሰጠው የደኅንነት ስሜት ለእግረኛው አይተላለፍም። ስለዚህ ከፍ ያለች መኪና የሚገዛ ሰው፣ ዝግ ብሎ የመንዳት ግዴታም አብሮ ይገዛል።

ሶኬቱ የት ነው?

የጎረቤቴ እናት ደብረ ብርሃን ይኖራሉ። ልጃቸው በየወሩ ይጠይቋቸዋል፤ ለሕክምናም ወደ አዲስ አበባ ያመጧቸዋል። መንገዱ 130 ኪሎ ሜትር ሲሆን ከተማዋ ከልደታ በ500 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። 2400 ኪሎ ግራም ይህን ከፍታ ለመውጣት 3.3 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይጠይቃል፤ ይህም 77 ኪሎ ዋት ሰዓት ከሚይዘው ባትሪ ከሃያ አንድ እጅ በታች ነው፤ ሲመለሱም ቁልቁለቱ ብዙውን ይክሳቸዋል። ለኪሎ ሜትር 0.2 ኪሎ ዋት ሰዓት ብንይዝ ደርሶ መልሱ 52 ይፈጃል። ሙሉ ባትሪ ይዘው ከወጡ እንግዲህ መንገድ ላይ አይቀሩም።

ችግሩ ያለው እቤት ነው። ከተራ ሶኬት 10 አምፒር በ220 ቮልት ብንስብ 2.2 ኪሎ ዋት እናገኛለን። ባዶ ባትሪ ለመሙላት 35 ሰዓት ይፈጃል። ለዕለት የከተማ ጉዞ ግን፣ 30 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ ሦስት ሰዓት ያልሞላ ቻርጅ ይበቃል። ኃይሉም በአብዛኛው ከውኃ የሚመነጭ የአገር ሀብት ነው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ የሕዳሴ ግድብ ብቻ 5150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው። ነገር ግን ጎረቤቴ የሚኖሩት አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ መኪና የሚያቆሙት በጋራ ግቢ ነው፤ ቆጣሪያቸውም ከዚያ ሩቅ ነው። ገመድ በመስኮት አውርዶ በዝናብ ላይ መዘርጋት የሚታሰብ አይደለም። ቻይና ውስጥ የተሠሩት መኪኖች የቻርጅ መሰኪያ ደግሞ ከአውሮፓው የተለየ ነው። የባትሪው ዋስትና፣ በአውሮፓ ስምንት ዓመት ወይም 160 ሺህ ኪሎ ሜትር የሚባለው፣ ለእርሳቸው መኪናም የሚሠራ መሆኑ በጽሑፍ ሊረጋገጥ ይገባል።

ውሳኔው

ለጎረቤቴ የሰጠሁት አስተያየት እንዲህ የሚል ነበር፦ «ስስ አየሩ ለኤሌክትሪክ ሞተር ይመሰክራል። ጉብታውም ሆነ የከተማው መንገድ ግን ለትልቅነት አይመሰክሩም። ብቻዎን ልደታና ሜክሲኮ የሚመላለሱ ከሆነ፣ ቀለል ያለች ትንሽ የኤሌክትሪክ መኪና ትበቃዎታለች»።

እርሳቸው ግን ጥቂት ዝም ብለው፣ «እናቴ ጉልበቷን ታማለች። ዝቅ ያለ መኪና ውስጥ ስትገባ ሁለት ሰው ነው የሚደግፋት፤ ስትወጣ ታለቅሳለች» አሉኝ። ይህንን በስሌቴ ውስጥ አላስገባሁትም ነበር። ዝቅ ያለ መቀመጫ ላይ የሚቀመጥ ሰው መላ ክብደቱን በታጠፈ ጉልበቱ ተሸክሞ መውረድ፣ በዚያው መልሶ መነሣት አለበት። መቀመጫው ዳሌ አካባቢ ሲሆን ግን ጎን ብሎ መቀመጥ ብቻ ይበቃል። ለታመመ ጉልበት ይህ ትልቅ ልዩነት ነው። ስለዚህ ለእርሳቸው ከፍ ያለችው መኪና ተገቢ ናት ብዬ ተስማማሁ፤ ሶኬቱ አስቀድሞ ከተገኘ። አሁን የግቢው ኮሚቴ በመኪና ማቆሚያው አጠገብ ቆጣሪ እንዲተከል ማመልከቻ ጽፈዋል፤ ገንዘቡም እስከዚያ ባንክ ይቆያል።

ተማሪዎች ሆይ፣ ይህን ስሌት ለመሥራት ከአሥረኛ ክፍል ፊዚክስ ያለፈ ዕውቀት አያስፈልግም። ቤተሰባችሁ ወይም ጎረቤታችሁ መኪና ለመግዛት ሲነሣ ሜትርና ካልኩሌተር ይዛችሁ ቅረቡ። ከሁሉ በፊት ግን መኪናው ማንን እንደሚያሳፍርና የት እንደሚያድር ጠይቁ።