ዳክዬ እንዳታያት የምትሠራ ጀልባ

በአርካንሶ ወይም በሉዊዚያና ስለ ዳክዬ አደን ጀልባ ወሬ ሲነሳ ከስም በፊት ቁጥር ይጠራል፤ «አሥራ አራት ሠላሳ ስድስት»፣ «አሥራ አራት አርባ ስምንት»። የፊተኛው ርዝመቱን በጫማ፣ የኋለኛው የወለሉን ስፋት በኢንች ይናገራል። 1448 እንግዲህ 4.3 ሜትር ገደማ የሚረዝም፣ ወለሉ 1.2 ሜትር ግድም የሚሰፋ፣ አፍንጫው ሹል ሳይሆን ድፍን የሆነ የአሉሚኒየም ጀልባ ነው። አሜሪካኖች ጆን ቦት ይሉታል። ታችኛው ክፍሉ ጠፍጣፋ በመሆኑ ብዙ ሳይጠልቅ ይንሳፈፋል። ዳክዬም የምታርፈው እንዲህ ያለ ጀልባ በሚገባበት ስፍራ ነው፦ በረግረግ ዳር፣ ውኃ በተኛበት ደን፣ ሩዙ ታጭዶ ውኃ በተለቀቀበት ማሳ።

ይሁንና ከመደብር እንደወጣ ለአደን አይሆንም። ላሜራው ያብረቀርቃል፤ እግር በነካው ቁጥር ይጮኻል፤ ከላይ ለሚያልፍ ወፍ ጥርት ብሎ ይታያል። ስለዚህ ገዢው ክረምቱ ሳይመጣ ጋራዡ ውስጥ ይቆርጠዋል፣ ይበይደዋል፣ ይቀባዋል። ዳክዬን ከገበታ ይልቅ ከሐይቅ ዳር ለምናውቃት ለእኛ ይህ ሁሉ ድካም ግር ሊል ይችላል። እዚያ ግን ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ ልማድ ነው።

መደበቅን ዋና ዓላማው ያደረገ ጀልባ ከጆን ቦት ብዙ ይቀድማል። በኒው ጀርሲ ባርኔጋት የባሕር ወሽመጥ ዳር ሃዘልተን ሲማን የተባለ ጀልባ ሠሪ በ1836 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ስኒክቦክስ የሚባለውን እንደሠራ ይነገራል። ርዝመቱ 3.6 ሜትር ገደማ ነው፤ ከላይ እንደ ጉብታ የተሸፈነ ሲሆን አዳኙ የሚገባበት ጠባብ ቀዳዳ ብቻ ተትቶለታል። ሰውየው ውስጡ ይጋደማል፤ ሽፋኑ ላይ ሣር ይነሰነሳል፤ ከሩቅ ሲታይ የረግረጉ ቁራጭ ነው። ናትናኤል ቢሾፕ የተባለ ተጓዥ በ1875 መጨረሻ በዚህ ዓይነት ጀልባ ከፒትስበርግ ተነስቶ በኦሃዮና በሚሲሲፒ ወንዞች እስከ ሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ወርዶ፣ ጉዞውን በ1879 በመጽሐፍ አሳትሟል። ለመደበቂያ የተሠራው ነገር በውኃ ላይም ደህና ጀልባ እንደነበር ከዚህ በላይ ምስክር አያሻውም።

ወደ ደቡብ ዝቅ ስንል መደበቅ ድንበሩን አለፈ። ብዙ ወገኖቻችን ከሚኖሩባት ዋሽንግተን ብዙም በማይርቀው የቼሳፒክ ወሽመጥ ራስጌ፣ በሃቭር ደ ግሬስ ከተማ ፊት ለፊት፣ ሲንክቦክስ ይጠቀሙ ነበር። የሬሳ ሣጥን የመሰለ ነገር ነው፤ ዙሪያውን ሰፋፊ ክንፎች አሉት። ክንፎቹ ላይ ከብረት የተሠሩ ማታለያ ዳክዬዎች ይደረደሩና ክብደታቸው መሣሪያውን ከውኃው ወለል ጋር ያስተካክለዋል። አዳኙ ከውኃው ደረጃ በታች ተንጋሎ ይጠብቃል። ወፏ ልታየው የምትችለው ነገር የለም ማለት ይቻላል። በዚህ ዘዴ የተገደለው ዳክዬ ወደ ባልቲሞርና ፊላዴልፊያ ሆቴሎች ይጫን ነበር። የ1918ቱ የፍልሰተኛ አዕዋፍ ሕግ ንግዱን ሲያስቀር፣ ሲንክቦክስ ራሱ በ1935 በመላ አገሪቱ ታገደ። ሕጉ የዛሬውንም ሠሪ ይመለከታል፦ ዝቅ ያለ፣ አዳኙን የሚሸፍን ጀልባ መሥራት ይፈቀዳል፤ ሰውየውን ከውኃው ወለል በታች የሚደብቅ ጉድጓድ ያለው ተንሳፋፊ ነገር ግን ክልክል ነው።

ጆን ቦት የተወለደው ከባሕር ርቆ፣ በሚዙሪና በአርካንሶ የኦዛርክ ኮረብታዎች መካከል ነው። በኋይት ወንዝና በገባሮቹ ላይ ዓሣ አጥማጆች የሚሳፈሩበት ረጅም የጥድ ሳንቃ ጀልባ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንደ ግሩማን ያሉ የአውሮፕላን ፋብሪካዎች አሉሚኒየማቸውን ይዘው ወደ ጀልባ ሥራ ሲገቡ፣ ሳንቃው ቦታውን ለላሜራ ለቀቀ። ቀላል፣ ርካሽና የማይበሰብስ ሆነ፤ ማንም በፒክአፕ ጭኖ የሚወስደው።

የዛሬው ለውጥ ከቀለም ይጀምራል፤ የሚበላሸውም እዚያው ነው። ባዶ አሉሚኒየም ላይ ተራ ቀለም አይዝም፤ በወራት ውስጥ ይላጣል። መጀመሪያ መፋቅ፣ ቅባቱን ማጠብ፣ ከዚያ ላሜራውን በጥቂቱ የሚበላ መነሻ ቀለም መቀባት ይጠይቃል። ከላይ የሚመጣው ምንም ዓይነት አብረቅራቂነት የሌለው፣ የአካባቢውን ሣር የሚመስል ቡናማ ወይም ወይራማ ቀለም ነው። ፋብሪካ የሚያትመው ውስብስብ የቅጠል ሥዕል፣ በእኔ ግምት፣ ከወፏ ይልቅ ገዢውን ይማርካል። ወፏን የሚያባርራት ብልጭታ፣ ጥላና የሰው ፊት እንቅስቃሴ ነው።

ቀጥሎ መጋረጃው ይመጣል። ከቀጭን ቱቦ የሚበየድ፣ ግራና ቀኝ የሚታጠፍ ፍሬም ይተከልና ሸምበቆና ሣር ይታሰርበታል። ዋናው ፈተና ያለው እዚህ ነው። የድሮው ስኒክቦክስ የሚደብቀው ዝቅ በማለት ነበር፤ ጆን ቦት የሚደብቀው ግድግዳ በማቆም ነው። ግድግዳ ነፋስ ይይዛል፤ ሣሩ ሲረጥብ፣ በረዶም ሲጋገርበት ይከብዳል፤ ክብደቱም ከፍ ባለ ቦታ ላይ ነው። ጠፍጣፋ ጀልባ ጥቂት ሲያዘነብል የተረጋጋ ይመስላል፤ ገደቡን ሲያልፍ ግን ማስጠንቀቂያ አይሰጥም። ሁለት ሰዎች ከአንድ ወገን ተነስተው ሲተኩሱ፣ ውሻውም በዚያው ወገን ሲዘል ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ይሆናል።

ወለሉን በኮምፔርሳቶ ማልበስ ሌላው የተለመደ ሥራ ነው። ድምፅ ይቀንሳል፣ ለመቆምም ይመቻል። ነገር ግን ግማሽ ኢንች ውፍረት ያለው አንድ ሙሉ ኮምፔርሳቶ ደረቁን 18 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ ውኃ ሲጠጣ ይጨምራል። እንዳይበሰብስ ተብሎ በመድኃኒት የተነከረውን እንጨት መጠቀም ደግሞ የባሰ ነው፤ መድኃኒቱ ውስጥ ያለው መዳብ እርጥበት ሲያገኝ አሉሚኒየሙን ይበላዋል። ከሁሉም የምፈራው ግን የመሐሉን መቀመጫ ቆርጦ ማውጣትን ነው። ቦታ ይሰፋል፤ ይሁንና በብዙ ጀልባዎች ያ መቀመጫ ጎኖቹን የሚያያይዝ ድጋፍ ነው፤ ጀልባው ውኃ ሲሞላ የሚያንሳፍፈው ፎምም ከሥሩ ይገኛል። ምትክ ድጋፍና ምትክ ፎም ሳያዘጋጅ የቆረጠው ሰው የጀልባውን ወገብ ሰብሯል።

ሞተርም ተለውጧል። ተራው የጀልባ ሞተር የሚቀዘቅዘው ውኃ ስቦ ስለሆነ በጭቃና በአረም ይታፈናል። ሉዊዚያናዊው ዋረን ኮኮ በ1977 ጎ-ዴቪል ብሎ የጀመረው ሥራ ይህን ፈታ፦ በአየር የሚቀዘቅዝ ትንሽ ሞተር፣ ከኋላው ረጅም ዘንግ፣ ጫፉ ላይ ጭቃ የሚፈጭ ፕሮፔለር። ክብደቱ ግን ሁሉ ከኋላ ነው። ጀልባው ቂጡን እንዳይዘፈዝፍ ከኋላው ግራና ቀኝ ባዶ የአሉሚኒየም ሣጥኖች ይበየዱለታል፤ ባትሪና ነዳጅም ወደ ፊት ይዛወራል።

ከ1972 ወዲህ በአሜሪካ የሚሸጡ፣ ከ20 ጫማ ያነሱ የሞተር ጀልባዎች ስንት ሰውና ስንት ፓውንድ እንደሚችሉ የሚናገር ሰሌዳ ይለጠፍባቸዋል። ሰሌዳው የሚናገረው ከፋብሪካ ስለወጣው ጀልባ ነው። ፍሬሙ፣ ወለሉ፣ ሣጥኑ፣ ማታለያ ዳክዬው፣ ጥይቱ፣ 35 ኪሎ የሚሆነው ላብራዶር ውሻ ሁሉ ከዚያ ይቀነሳል። በተቀረው ላይ የክረምት ልብስ የለበሱ ሁለት ጎልማሶችን ስናስቀምጥ ትንሿ 1436 ብዙ ጊዜ ትሞላለች።

የሚያስፈራው ደግሞ ውኃው ቀዝቃዛ መሆኑ ነው። ኅዳር 11 ቀን 1940 በፈረንጅ አቆጣጠር፣ ጠዋቱ ሞቅ ብሎ ጀመረና ድንገት በማዕበልና በበረዶ ተተካ። በመካከለኛው ምዕራብ ከ140 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ ብዙዎቹ በላይኛው ሚሲሲፒ ደሴቶች ላይ በቀላል ልብስ የተያዙ ዳክዬ አዳኞች ነበሩ። በጣም በቀዘቀዘ ውኃ የወደቀ ሰው ትንፋሹን ለመግዛት አንድ ደቂቃ፣ እጅ እግሩን ለማዘዝ አሥር ደቂቃ ያህል ብቻ አለው ይባላል። ስለዚህ የመንሳፈፊያ ጃኬቱ ከመቀመጫ ሥር ሳይሆን ከጠመንጃው በፊት ደረት ላይ መሆን አለበት። ከ2021 ጀምሮም ከ26 ጫማ ባነሱ ጀልባዎች በፍጥነት የሚነዳ ሰው፣ ቢወድቅ ሞተሩን የሚያጠፋውን ገመድ ሰውነቱ ላይ እንዲያስር ሕግ ያስገድዳል።

የተኩስ ሰዓት የሚጀምረው ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት ቀደም ብሎ ነው። ጀልባው እንግዲህ ውኃ ውስጥ የሚገባው በጨለማ ነው፤ የፊት ቀይና አረንጓዴ፣ የኋላ ነጭ መብራቱ በሸምበቆው መጋረጃ እንዳይሸፈን ፍሬሙ ሲበየድ መታሰብ አለበት። ሞተር እየሠራ ወይም ጀልባው በሞተሩ ግፊት ገና እየሄደ መተኮስ ክልክል ነው። አሥራ ስድስት ዓመት የሞላው አዳኝ በ1934 በአንድ ዶላር የተጀመረውን፣ አሁን 25 ዶላር የሚሸጠውን የዳክዬ ቴምብር ይገዛል፤ ከ1991 ወዲህም የእርሳስ ጥይት አይፈቀድለትም። በእርሳስ ፋንታ የመጣው የብረት ጥይት ሩቅ ሲተኮስ ኃይሉ ቶሎ ይደክማል፤ ወፏ ቀረብ እንድትል መጠበቅ የግድ ነው፤ እንድትቀርብ ደግሞ ጀልባው በደንብ መደበቅ አለበት። ጋራዥ ውስጥ ሌሊቱን የሚበይደው ሰው የሚለፋው ለዚያች የመጨረሻ ሃያ ሜትር ነው።