ስም ያልተጻፈበት ከበሮ ሠሪው እንዴት ይታወቃል?

ከወልድያ ተነሥቶ በመርሳ በኩል ሐብሩን ለሚያቋርጥ ሰው በየቅኔ ማኅሌቱ ከበሮ አይጠፋም። ማን እንደሰጠው ቢጠይቁ ብዙ ጊዜ መልስ አለ፤ እገሌ ስለት ደርሶላቸው አስገቡት ይባላል። ማን ሠራው ሲባል ግን ነገሩ ይከብዳል። በከበሮ ላይ የሠሪ ስም መጻፍ አልተለመደም። ታዲያ ከበሮው ራሱ ሠሪውን ሊነግረን ይችላል? ግማሽ መንገድ ያደርሰናል። የቀረውን የሚያደርሰን ሰው ነው።

ከበሮ የአራት ነገር ስብስብ ነው፦ አካሉ፣ ሁለቱ ቆዳዎች፣ ቆዳዎቹን ወጥሮ የሚይዘው ጠፍርና በላዩ የሚለብሰው ጨርቅ። አራቱ እኩል አያረጁም። ጨርቁ ሲያድፍ ይቀየራል። ቆዳው በእጅ ምትና በክረምት እርጥበት ይደክማል፣ ይላላል፣ በመጨረሻም ይለወጣል። አካሉ ግን ከተጠነቀቁለት ትውልድ ይሻገራል። ስለዚህ አንድ ከበሮ የስንት ዘመን ነው ሲባል በቅድሚያ የትኛው ክፍሉ ብሎ መጠየቅ ይገባል። አዲስ ቆዳ የተወጠረበት ጥንታዊ አካል አለ። የአሮጌ ከበሮ ጠፍር ተሸጋግሮለት አሮጌ የሚመስል አዲስ አካልም ሊኖር ይችላል።

አካሉን ማየት ቀላል አይደለም። የቤተ ክርስቲያን ከበሮ ጨርቅ የሚለብሰው ለውበት ብቻ አይደለም፤ ጌታን ያለበሱት የቀይ ግምጃ ምሳሌ ነው። በዙሪያው የሚሄደው ጠፍር የግርፋቱ ሰንበር፣ ሰፊው አፍ የመለኮት፣ ጠባቡ አፍ የትስብእት ምሳሌ ተደርጎ ይተረጎማል። ሠሪው ሥራውን ሲጨርስ እንጨቱ በቆዳ፣ በጠፍርና በጨርቅ ተሸፍኖ ከዓይን ይሰወራል።

ጨርቁ የተገለጠ ዕለት መጀመሪያ የሚታየው አሠራሩ ነው። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ከሆነ መጋጠሚያ የለውም። ስንጥቅ ቢኖረው ደግሞ ከአፍ ወደ አፍ በቁመቱ ነው። እንጨት ሲደርቅ በዙሪያው የሚኮማተረው ከመሀል ወደ ውጭ ከሚኮማተረው እጥፍ ገደማ ስለሚሆን ክቡ ራሱን በራሱ ወጥሮ ይሰነጠቃል። ከጣውላ የተገጣጠመ ከሆነ ቀጥ ያሉ መጋጠሚያዎች በእኩል ርቀት ይታያሉ። ዛሬ በከተማ ለሠርግና ለመድረክ የሚያገለግለው ብዙው ከበሮ አካሉ ከቆርቆሮ ስለሆነ ብየዳው ወይም ሪቬቱ ይለየዋል።

ቀጥሎ እንጨቱ ነው። ለእንዲህ ያለ ሥራ ከሚመረጡት አንዱ ዋንዛ ነው፤ ለመሮ ይታዘዛል፣ ቀለል ይላል፣ ምስጥንም ይቋቋማል። ሆኖም ዋንዛ መሆኑን ማወቅ ሠሪውን ፍለጋ ብዙ አያራምድም። ዛፉ ከቆላው አንሥቶ እስከ 2,600 ሜትር ከፍታ ድረስ ይበቅላል፤ መርሳም ወልድያም በዚህ ውስጥ ናቸው። ቀለም ደግሞ ጨርሶ አያስተማምንም። ጭስ፣ ቅቤና የእጅ ወዝ ወጣቱን እንጨት በጥቂት ዓመት ያጠቁሩታል፤ ጥቁረቱን አይቶ ጥንታዊ ነው ብሎ የሚፈርድ ሰው ይሳሳታል።

የሠሪው እጅ ያለው በውስጠኛው ግድግዳ ላይ ነው። ውጩ ይላጋል፣ ይለሰልሳል፣ በሰው እጅም ይታሻል። ውስጡን ግን የሚያየው ስለሌለ አሳምሮ የሚያለሰልሰው ጥቂት ነው፤ የመሮው ምት እንደወረደ ይቀራል። የምቶቹ አቅጣጫ ሠሪው ቀኝ ወይም ግራ እጁን የሚያስቀድም መሆኑን ሊጠቁም ይችላል። ከዚህ የሚበልጥ ምስክር ደግሞ አለ። የመሮው ስለት ጫፍ ላይ ትንሽ ጉድለት ካለች በእያንዳንዱ ምት ውስጥ ቀጭን ክር የመሰለ ጉብታ ትታ ታልፋለች። በሁለት ከበሮዎች ውስጥ ያው ክር በዚያው ቦታ ከተገኘ ሁለቱም በአንድ መሮ፣ ያውም መሮው ዳግም ተስሎ ጉድለቱ ከመጥፋቱ በፊት በተቀራረበ ጊዜ የተፈለፈሉ ናቸው ለማለት ያስደፍራል። የወንጀል መርማሪዎች የተፈለቀቀ በር ላይ የብረቱን ምልክት የሚያነቡት በዚሁ መንገድ ነው።

ሌላው የእጅ ልማድ ነው። የከንፈሩ ውፍረት፣ የሰፊውና የጠባቡ አፍ ምጣኔ፣ የጠፍሩ አጠላለፍ፣ የወስፌው ቀዳዳዎች ርቀት አንድ ሰው ሳያስበው የሚደጋግማቸው ናቸው። አንዱ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። አራቱም አንድ ላይ ሲገጥሙ ግን የአንድ ሰው ወይም አንዱ ከሌላው የተማረ የአንድ ቤት ሥራ መሆኑ ይገመታል። የቆዳው ወገን ደግሞ በጸጉሩ ቀዳዳዎች ይለያል፤ የፍየሉ በረድፍ በረድፍ የተሰደረ ሲሆን የከብቱ በተቀራራቢ መጠን የተበተነ ነው። ይህ የሚነግረን ግን ቆዳውን ስለለወጠው ሰው እንጂ አካሉን ስለፈለፈለው አይደለም።

በሌላው ዓለም ስኔር ድራም የሚባለውን ከበሮ የሚሰበስቡ ሰዎችም ይኸው ጥያቄ አለባቸው። አርማው ወድቆ እርቃኑን የቀረ የፋብሪካ ከበሮ ሲያገኙ በአካሉ ላይ የቀሩትን የብሎን ቀዳዳዎች ይቆጥራሉ፣ የእንጨቱን ንብርብር ይመረምራሉ፣ በውስጥ በኩል የማጠናከሪያ ቀለበት መኖር አለመኖሩን ያያሉ። የቺካጎው የከበሮ ፋብሪካ ሉድዊግ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በብዙ ከበሮዎቹ ውስጥ ቀን በማኅተም ያትም ነበር፤ እሱን ያገኘ ዕድለኛ ነው። በዚያው ዘመን ከጥቂት የጃፓን ፋብሪካዎች የወጡ ከበሮዎች ግን በአሜሪካ ሱቆች በብዙ የተለያየ ስም ይሸጡ ነበር። አርማው የሻጩን ስም ይነግራል፤ የሠሪውን የሚያወጣው አካሉ ነው። የእኛም መዝገብ እንዲሁ ነው፤ በንዋያተ ቅድሳት መዝገብ የሰጪው ስም ሲገባ የፈለፈለው ሰው ስም ከውጭ ይቀራል።

ላቦራቶሪስ? የካርቦን ምርመራ እንጨቱ በሕይወት የነበረበትን ዘመን ይገምታል። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የተደረጉት የኑክሌር ሙከራዎች በአየር ውስጥ ያለውን ካርቦን-14 ወደ እጥፍ ሊያደርሱት ስለተቃረቡ ከዚያ ወዲህ ያደገ እንጨት በጥቂት ዓመታት ልዩነት ሊታወቅ ይችላል። ምርመራው ግን ዛፉን እንጂ መሮ የያዘውን ሰው አያውቅም። ከአካሉ ቁራጭ ማንሣትም ይጠይቃል። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ በፈቃድ የሚነካ ነገር ነውና ለአንድ ስም ፍለጋ ሲባል ከበሮ ማቁሰልን አልመክርም።

ስሙ የሚገኘው ሥራዎቹን በየወገናቸው በመሰብሰብ ነው። በአንድ አካባቢ ካሉ ከበሮዎች ውስጥ አምስቱ የአንድ እጅ ሥራ መሆናቸው ቢለይ፣ ከአምስቱ የአንዱን ሠሪ የሚያስታውስ አንድ አረጋዊ ለአምስቱም ስም ይሰጣል። ስማቸውን ያልጻፉ ሠዓሊዎች የሚታወቁትም እንዲህ ነው። ስለዚህ መሪጌታውን፣ ዕቃ ቤቱን፣ ቆዳ የሚወጥረውን ሰው መጠየቅ ያስፈልጋል፤ መሮውን የወረሰው ልጅ ካለ እሱን ጭምር። ጥያቄው የቤተ ክርስቲያን ብቻም አይደለም። የጁ ዳናን በመሰለ የመንዙማ አገር የሚመታው ድቤም ሠሪ አለው፤ ሸሆቹ በስም ሲወሱ ድቤውን የፈለፈለው ሰው አይወሳም። እንጨት ጠራቢውም ሆነ ቆዳ ፋቂው በአገራችን ሲናቅ የኖረ ባለሙያ ነው፤ ስሙ የጠፋበት አንዱ ምክንያት ይኸው ንቀት ይመስለኛል፣ ያንገበግበኛልም።

ውስጡ የሚታየው ቆዳው በሚለወጥበት ዕለት ብቻ ነው። አዲሱ ቆዳ እርጥቡን ተወጥሮ ሲደርቅ ይጠብቃል፣ አካሉም ለዓመታት ይዘጋል። በዐቢይ ጾም 55 ቀናት ከበሮና ጸናጽል ስለሚያርፉ ጊዜው ለጥገናም ለምርመራም ይመቻል። ያን ዕለት የደብሩ አስተዳዳሪ ከፈቀዱ ውስጡን በስልክ መብራት ከጎን እያበሩ ፎቶ ማንሣት፣ የሁለቱን አፎች ስፋት፣ ቁመቱንና የከንፈሩን ውፍረት መለካት ሰዓት አይፈጅም። መብራቱ ከጎን የሚሆነው የመሮው ምት ጥላ እንዲጥልና ጉልህ እንዲሆን ነው።

የምትጠግኑ፣ የምታሠሩና በስለት የምትሰጡ ሁሉ፣ ከበሮው ከመዘጋቱ በፊት የሠሪውን ስም፣ ቀዬውንና ዓመተ ምሕረቱን በውስጠኛው ግድግዳ ላይ ጻፉ። በእርሳስ ይሁን፤ እስክሪብቶ ይደበዝዛል፣ እርጥበትም ያፈሰዋል። በመዝገቡም ላይ ከሰጪው ስም ቀጥሎ የሠሪውን አስገቡ።