የተጠረጠረው ቡና

ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወርድ መንገደኛ መጀመሪያ ሽቅብ ይወጣል። ሳነቴን ያቋርጣል፤ 4,377 ሜትር የሚደርሰውን ቱሉ ዲምቱን በጎን ያያል፤ ከዚያ ሪራን አልፎ ሐረና ጫካ ይገባል። ጫካው ውስጥ ማንም ያልተከለው ቡና በትልልቅ ዛፎች ጥላ ሥር ይበቅላል። ያ ቡና ወደ ደጋው ሲወጣ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነው። በጎባና በሮቤ ብርድ አቦል ብቻውን አይበቃም፤ ቶናውና በረካው ይከተላሉ።

እዚህ ደጋ ላይ ጠዋት ጠዋት ጣቶቹ አልታጠፍ የሚሉት ሰው መጀመሪያ የሚከሰው ብርዱን ነው። ብርድ ሕመሙን ሊያብስበት ይችላል። ሩማቶይድ የሚባለው የመገጣጠሚያ ብግነት ግን የሚመጣው የሰውነት መከላከያ በገዛ መገጣጠሚያው ላይ ሲነሳ ነው። ለዚህ በሽታ ከሚታዘዙት መድኃኒቶች ዋነኛው ሜቶትሬክሴት ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ይወሰዳል። (በስህተት በየቀኑ የዋጡት ሰዎች ሞተውበታል።) ታዲያ ይህን ኪኒን የሚወስድ ሰው ቡናውን ይተው? ጥያቄው የቡና ላይ ጨዋታ ይመስላል፤ ግን ሳይንቲስቶች በቁም ነገር መርምረውታል።

ነገሩ የሚጀምረው ከካንሰር ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ቦስተን ውስጥ ሲድኒ ፋርበር የተባለ ሐኪም የደም ካንሰር ለያዛቸው ልጆች ፎሊክ አሲድ የተባለው ቫይታሚን ዘመድ የሆኑ ውህዶችን ሰጠ፤ በሽታው ይበልጥ የተፋፋመ መሰለው። ቫይታሚኑ ካንሰሩን የሚቀልበው ከሆነ፣ ቢነፈገውስ? በሌደርሊ ኩባንያ የሕንድ ተወላጁ ዬላፕራጋዳ ሱባራው የሚመራው ቡድን ፎሊክ አሲድን መስሎ ሥራውን የሚያሰናክል ውህድ ሠራ፤ አሚኖፕተሪን ተባለ። ፋርበር በ1948 ከ16 ልጆች የ10ሩ በሽታ ለጊዜው መርገቡን አሳወቀ።

በ1951 ሪቻርድ ጉብነርና ባልደረቦቹ ይህንኑ መድኃኒት ለመገጣጠሚያ ብግነት ሞከሩት፤ እብጠቱ ጎደለ። ግን ማን ሰምቷቸው! በማዮ ክሊኒክ ፊሊፕ ሄንች በ1948 በኮርቲዞን ከአልጋ የማይነሱ ሕሙማንን አስነስቶ ነበር፤ በ1950 የኖቤል ሽልማትም ተጋርቷል። ዓለም ሁሉ ኮርቲዞን፣ ኮርቲዞን ይል ነበር። አጥንት ማሳሳቱ፣ ፊት ማሳበጡ፣ ስኳር ከፍ ማድረጉ የታየው ዋል አደር ብሎ ነው። የአሚኖፕተሪን ታናሽ የሆነው ሜቶትሬክሴት በአሜሪካ ለሩማቶይድ የተፈቀደለት በ1988 ነው።

ተፈቀደ እንጂ እንዴት እንደሚሠራ ግራ ያጋባ ነበር። የሚያሽለው ፎሊክ አሲድን በመንፈግ ብቻ ከሆነ፣ ፎሊክ አሲድ አብሮ የሚዋጥ ሰው ጥቅሙን ማጣት ነበረበት። አላጣም። የአፍ ቁስሉና ማቅለሽለሹ ቀነሰለት፣ መገጣጠሚያውም እንደተሻለው ቆየ። ስለዚህ ሌላ መንገድ መኖር አለበት ተባለ። በ1991 የኒው ዮርኩ ብሩስ ክሮንስታይንና ባልደረቦቹ ፍንጩን አገኙ፦ ሜቶትሬክሴት ሴሎች አዴኖሲን የተባለ ንጥረ ነገር እንዲለቁ ያደርጋል፤ አዴኖሲኑም ለብግነት የሚዘምቱትን ነጭ የደም ሴሎች ያበርዳል።

ቡና የተጠረጠረው እዚህ ላይ ነው። ካፌይን እንቅልፍ የሚያባርረው አንጎል ውስጥ የአዴኖሲንን መቀመጫ ቀድሞ በመያዝ ነው። ይህንኑ መገጣጠሚያ ላይ ቢያደርገው የሜቶትሬክሴት ልፋት ከንቱ ይቀራል ማለት ነው። በ2000 አይጦች ላይ ሲሞከር ካፌይን የመድኃኒቱን ጥቅም አጠፋው። በ2003 ከኢየሩሳሌም 39 ታካሚዎች ላይ የተሠራ ጥናት ወጣ፤ በቀን ከ180 ሚሊግራም በላይ ካፌይን የሚወስዱት ከ120 በታች ከሚወስዱት ያነሰ መሻሻል አሳዩ። አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን ለማይዘል ሰው መጥፎ ወሬ ነው። ደግነቱ በ2006 አሜሪካ ውስጥ 264 ታካሚዎች ሲመረመሩ ቡና በሚያበዙትና በማያበዙት መካከል ልዩነት አልተገኘም። እኔ ክሱ አልጸናም ባይ ነኝ፤ 39 ሰው የአገርን ቡና ለማስጣል አይበቃም።

እውነተኛው አደጋ ያለው ከጀበናው ጎን ሳይሆን መድኃኒት ቤቱ መደርደሪያ ላይ ነው፤ የሚገርመውም ታሪኩ ወደዚያው ወደ ፎሊክ አሲድ ይመልሰናል። በዚያው በፋርበር ዘመን ተመራማሪዎቹ ጆርጅ ሂቺንግስና ገርትሩድ ኤልየን ባክቴሪያንና የወባን ተውሳክ ከዚሁ ቫይታሚን የሚለዩ ውህዶችን ይፈልጉ ነበር። ከቤተ ሙከራቸው ሁለት መድኃኒቶች ወጡ፦ ትራይሜቶፕሪምና ፒሪሜታሚን። የመጀመሪያው ዛሬ በየጤና ጣቢያው በሚገኘው ኮትሪሞክሳዞል፣ ብዙዎች ባክትሪም በሚሉት፣ ውስጥ ነው። ሁለተኛው አገራችን እ.ኤ.አ. ከ1998 እስከ 2004 ለወባ በቀዳሚነት በተጠቀመችበት ፋንሲዳር ውስጥ ነበር። ሁለቱም የሚመቱት ኢንዛይም ሜቶትሬክሴት ከሚመታው ጋር አንድ ነው፤ ልዩነቱ የሰውን በቀላሉ አለመንካታቸው ነው። ብቻቸውን ሲሆኑ ማለቴ ነው። አንዱን ምንጭ ላይኛውም ታችኛውም ገበሬ ሲገድበው ማሳው ይደርቃል፤ እዚህ የሚደርቀው የአጥንት መቅኔ ነው። በ1980ዎቹ ለሽንት ኢንፌክሽን ተብሎ ኮትሪሞክሳዞል የታዘዘላቸው የሜቶትሬክሴት ታካሚዎች ቀይና ነጭ የደም ሴላቸው፣ ፕላትሌታቸውም ሲያሽቆለቁል መታየቱን ሐኪሞች መጻፍ ጀመሩ። ኮትሪሞክሳዞሉ በዚያ ላይ ሜቶትሬክሴቱ በኩላሊት በኩል እንዳይወጣ ያጓትታል።

የሕመም ማስታገሻዎቹ ዳይክሎፌናክና መሰሎቹስ? በ1986 የፈረንሳይ ሐኪሞች ለካንሰር በከፍተኛ መጠን ሜቶትሬክሴት እየወሰዱ ከእነዚሁ አንዱ የሆነው ኬቶፕሮፌን የተጨመረላቸው ሕሙማን መሞታቸውን ካሳወቁ ወዲህ ስማቸው በጥርጣሬ ይነሳል። በሳምንታዊው ትንሽ መጠን ግን ሐኪሞች ሁለቱን አብረው ያዛሉ፤ ደምና ኩላሊት እየተመረመረ። የኩላሊቱ ሥራ የደከመ ሰው ነገር ሌላ ነው።

ለኮትሪሞክሳዞል እንዲህ ያለ መሀል መንገድ የለም፤ ሜቶትሬክሴት ለሚወስድ ሰው ሌላ አንቲባዮቲክ ይፈለግለታል። ሁለቱን አብሮ ወስዶ አፉ የቆሰለ፣ ትኩሳት የያዘው ወይም ድዱ የደማ ካለ ሁለቱንም አቁሞ በዚያው ቀን ሆስፒታል መድረስ አለበት። እዚያ የደም ቆጠራው እየታየ፣ ሳይዘገይ የሚሰጠው ፎሊኒክ አሲድ ነው፤ የተዘጋውን ኢንዛይም ሳይፈልግ አልፎ ሴሉ ውስጥ ሥራ የሚጀምር የዚያው የፋርበር ቫይታሚን ዓይነት።